ከእናት በግ ወደ ግልገል ለሚተላለፉ ጥገኞች የትኛው መድሃኒት ይሻላል? አልቤንዳዞል፣ ቴትራሚዞል፣ አይቨርሜክቲንና ሌሎቹ ሲነጻጸሩ

በግ የሚያረባ ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሚጠይቀው ጥያቄ ነው፣ ግልገሎቼ ከሱ፣ ፀጉራቸው ቆመ፣ ተቅማጥ ያዛቸው፣ የቱን የትል መድሃኒት ልስጣቸው? መድሃኒት ቤት ሲሄድ ደግሞ መልሱ ያው ነው፣ አልቤንዳዞል ውሰድ፣ ካልሆነ አይቨርሜክቲን አስወጋው። እኔ ግን ከመድሃኒቱ ስም በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ ባይ ነኝ፣ ጥገኛው ከእናቲቱ ወደ ግልገሉ የሄደው በየት በኩል ነው? በማህፀን ነው፣ በጡት ነው፣ ተጠግተው ሲተኙ በቆዳ ነው ወይስ እናቲቱ በበጠጧ በበከለችው ሳር ነው? መንገዱ ሲለይ መድሃኒቱም ይለያል፣ የሚሰጥበት ጊዜም ይለያል፣ ለእናት ይሰጥ ወይስ ለልጅ የሚለውም ይለያል። ይሄን ሳይለዩ መግዛት ብር ማባከን ብቻ ሳይሆን ግልገል ማጣት ነው።

የማወራው በዋናነት ስለ ደጋው ነው፣ መንዝ፣ ደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ ባጠቃላይ ሰሜን ሸዋ። እዚያ በጎቹ ትናንሽ ናቸው፣ አንዲት የመንዝ እናት በግ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ምናምን ነው የምትመዝነው፣ ግልገሏ ሲወለድ ደግሞ 2 ኪሎ ከግማሽ አካባቢ ነው። ይሄን ክብደት ያዙልኝ፣ ምክንያቱም ክኒኑ ሲሰራ ብዙ ጊዜ የታሰበው 40 ኪሎ ለሚሆን በግ ነው፣ ከታች እንደምታዩት ብዙ ጣጣ የሚመጣው ከዚሁ ነው።

በበጠጥና በሳር በኩል (ትልቁ መንገድ)

ግልገል የሚጨርሰው ዋናው ትል ሄሞንከስ ነው፣ አራተኛው ጨጓራ ላይ ተለጥፎ ደም የሚመጥ፣ ቀይና ነጭ ክር ተገምዶ የተሰራ የሚመስል ቀጭን ትል። አንዷ ሴት ትል በቀን 5,000 እና ከዛ በላይ እንቁላል ትጥላለች። አስሉት እስቲ፣ አንዲት እናት በግ ውስጥ 500 ሴት ትል ካለ በቀን 2.5 ሚሊዮን እንቁላል ግጦሹ ላይ እየተበተነ ነው ማለት ነው። አንድ ትል በቀን 0.05 ሲሲ ገደማ ደም ይወስዳል፣ 500 ትል 25 ሲሲ ሆነ፣ 8 ኪሎ የሆነ ግልገል ደግሞ ጠቅላላ ያለው ደም ከ650 ሲሲ ብዙም አይዘልም። ለዛ ነው ተቅማጥ እንኳን ሳይኖረው ድድና ዐይኑ ነጥቶ፣ መንጋጋው ስር ውሃ ቋጥሮ ጠዋት ሞቶ የሚገኘው። ሄሞንከስ እንደውም ብዙ ጊዜ ተቅማጥ አያመጣም፣ ስለዚህ በጠጡ ደህና ነው ብላችሁ አትዘናጉ።

አሁን ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ጤነኛ ትልቅ በግ ሌላ ጊዜ ትሉን በራሷ መከላከያ አፍና ትይዘዋለች፣ ግን ልትወልድ 2 ሳምንት ገደማ ሲቀራት ጀምሮ ከወለደች በኋላ እስከ 6 እና 8 ሳምንት ድረስ መከላከያዋ ይላላል፣ ሰውነቷ ያለውን ፕሮቲን ወደ ፅንሱና ወደ ወተቱ ስለሚያዞረው ትሉን ለመዋጋት የሚተርፈው ጥቂት ነው። መንታ የወለደችው ላይ ደግሞ ይብሳል። ሆዷ ውስጥ እድገታቸውን አቁመው ተኝተው የነበሩ እጮችም በዚሁ ሰሞን ይነቃሉ፣ እንቁላሉ በአንዴ ይጨምራል፣ እርጥበትና ሙቀት ካገኘ ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ እጭ ሆኖ ሳሩ ላይ ይወጣል፣ ልክ ግልገሉ ሳር መቀንጠብ በሚጀምርበት ጊዜ ማለት ነው። ግልገሉ ሆድ ከገባ በኋላ 3 ሳምንት ገደማ ይበቃዋል፣ እሱም በተራው እንቁላል ይጥላል። በልግ የሚዘንብበት አካባቢ በየካቲትና በመጋቢት የምትወልደው፣ ክረምት ሊገባ ሲል የምትወልደው፣ እነዚህ ሁለቱ ናቸው በደንብ መታየት ያለባቸው።

ስለዚህ የኔ አቋም ግልጽ ነው፣ ለግልገሉ ከምትገዙት መድሃኒት በፊት እናቲቱ በወሊዷ ሰሞን የምትወስደው ይቅደም። ግልገሉን ብቻ አክማችሁ ወደዛው የተበከለ ሳር ብትመልሱት በ3 ሳምንት ውስጥ እዛው ናችሁ። ለእናቲቱ እንግዲህ እጃችን ላይ ያሉት ሶስት ናቸው።

አልቤንዳዞል በጣም የተለመደው፣ ርካሹና በየቦታው የሚገኘው ነው። ዶዙ ለክብ ትሎች በኪሎ 5 ሚሊግራም ነው፣ የሳንባ ትል፣ ጥብጣብ ትል ወይም ያደገ የጉበት ትል ካለበት 7.5 ሚሊግራም። ባለ 300 ሚሊግራሙ ክኒን በ7.5 ሲሰላ ለ40 ኪሎ ነው፣ ለ20 ኪሎ በግ ግማሹ ይበቃታል፣ ለ25 ኪሎዋ ከግማሽ ትንሽ ይበልጥላት። ትልቁ ጥቅሙ ትሉን ብቻ ሳይሆን እንቁላሉንም መግደሉ ነው፣ ማለትም ከሰጣችኋት በኋላ የምትጥለው በጠጥ ቶሎ ንጹህ ይሆናል፣ ሌሎቹ ሁለቱ ይሄን አያደርጉም። ሌላው ደግሞ ዶዙ ትንሽ ቢያልፍ በጉን አይጎዳም።

ጉዳቱ ግን ከባድ ነው፣ በእርግዝናዋ የመጀመሪያ ወር ላይ ያለችን በግ ፅንሱን ሊያበላሽ ይችላል፣ ልጁ አካሉ ጎድሎ ሊወለድ ወይም ሊጨናገፍ ይችላል። ፈረንጆቹ አውራውን ከሴቶቹ ለይተው አስገብተው ለይተው ስለሚያወጡ ቀኑን ያውቁታል፣ አውራው ከወጣ 30 ቀን ሳይሞላ አልቤንዳዞል አትስጥ ተብሎ እሽጉ ላይ ይጻፍላቸዋል። እኛ ጋ አውራው ዓመቱን ሙሉ ከሴቶቹ ጋር ነው የሚውለው፣ የጎረቤት አውራም አለ፣ ማን መቼ እንዳረገዘች የሚያውቅ የለም፣ ስለዚህ ቅዳሜ ተነስቶ መንጋውን በሙሉ አልቤንዳዞል ማጉረስ ማለት ከመሃላቸው በመጀመሪያው ወር ላይ ያሉ ጥቂቶች ሁሌም አሉና እነሱ ላይ ቁማር መጫወት ነው። ይሄ ነገር ብዙ አይወራም፣ ግልገሉ ተጣሞ ሲወለድ ሌላ ሌላ ምክንያት ይፈለግለታል እንጂ ከ4 ወር በፊት የተሰጠ ክኒን ማን ያስታውሳል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከመንጋው ውስጥ በመጀመሪያው የእርግዝና ወር ላይ እንዳልሆነች በእርግጠኝነት የምታውቋት አንዲት በግ አለች፣ እሷም ትናንት የወለደችው ናት። ለዚህ ነው እኔ አልቤንዳዞልን በወለደች በጥቂት ቀናት ውስጥ እንዲሰጥ የምመርጠው። ቤት ውስጥ ናት፣ ለመያዝ አታስቸግርም፣ ሆዷ ገፍቶ እያለ ይዞ ማንገላታት ራሱ ሊያስጨነግፋት ይችል የነበረው ስጋት የለም፣ ደግሞ እንቁላል የምትጥልበት ዋናው ጊዜ ገና መጀመሩ ነው። ሆዷ በግልጽ የገፋ፣ ጡቷ መሙላት የጀመረ ከሆነም ይቻላል፣ ግን በቀስታ ያዟት።

ቴትራሚዞል ሁለተኛው ነው፣ የሱ የተጣራው አይነት ሌቫሚዞል ይባላል። ቴትራሚዞል በኪሎ 15 ሚሊግራም ነው፣ ሌቫሚዞል ግን ግማሹ፣ 7.5፣ ስለዚህ ስማቸውን አይታችሁ ስጡ፣ አንዱን በሌላው ዶዝ ከሰጣችሁ ወይ አይሰራም ወይ ይመርዛል። በየትኛውም የእርግዝና ወር ላይ ያለችን ፅንስ አያበላሽም፣ ይሄ ከአልቤንዳዞል የሚበልጥበት ነጥብ ነው፣ ቀኗ ላልታወቀ በግ እሱ ይሻላል። ያደገ ሄሞንከስንም ትሉ ካልተላመደው (መድሃኒቱን መቋቋም ካልጀመረ) በደንብ ይጠርጋል። ግን የተኙትን እጮች ብዙ አይነካም፣ እንቁላል አይገድልም፣ ጥብጣብ ትልና የጉበት ትል ላይ ምንም አይሰራም፣ ይሄ ሁሉ ሆኖ ደግሞ ከልክ ሲያልፍ አይምርም። ባለ 600 ሚሊግራም ክኒኑ ለ40 ኪሎ ነው፣ 20 ኪሎ ለሆነች የመንዝ በግ አንዱን ሙሉ ካጎረሳችኋት እጥፍ ሰጣችኋት ማለት ነው፣ ትንሽ ቆይታ ለሃጯ ይዝረበረባል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች፣ የከሳችና የደከመች ከሆነች ልትሞት ትችላለች። አልቤንዳዞልን በግምት የለመደ እጅ ቴትራሚዞል ላይ ሲመጣ ነው አደጋ የሚደርሰው። ሌላ መነገር ያለበት፣ ለቅማል ብላችሁ በዳይዚኖን ካጠባችኋት 2 ሳምንት ሳይሞላ ቴትራሚዞል ወይም ሌቫሚዞል አትስጧት፣ ሁለቱም ነርቭ ላይ በአንድ አቅጣጫ ስለሚሰሩ መርዙ ይደራረባል።

አይቨርሜክቲን ሶስተኛው፣ መርፌው። ባለ 1 ፐርሰንቱ 1 ሲሲ ለ50 ኪሎ ነው፣ 25 ኪሎ ለሆነች በግ ግማሽ ሲሲ፣ ቆዳ ስር ነው የሚወጋው፣ ጡንቻ ላይ አይደለም። የተኙትን እጮች ጭምር ይገድላል፣ በየትኛውም የእርግዝና ጊዜ ይሰጣል፣ ደግሞ ከውስጥ ትል አልፎ የእከክ ተባይ፣ ደም መጣጭ ቅማልና አፍንጫ ውስጥ የሚገባውን የዝንብ ትል ጭምር ይይዛል። የጉበት ትልና ጥብጣብ ትል ላይ ግን ዜሮ ነው፣ ይሄን ስንት ሰው እንደሚሳሳተው፣ ረግረግ ላይ የምትግጥ በግ በጉበት ትል እያለቀች በየወሩ አይቨርሜክቲን የሚያስወጋ አለ። ወተት ውስጥ ይገባል፣ ስለዚህ ወተቷን ሰው የሚጠጣ ከሆነ ተዉት። ለግልገሉም በወተት የሚደርሰው ትሉን የማይገድል ግን የሚያለማምድ ትንሽ መጠን ነው፣ ይሄ እኔን ያሳስበኛል።

እንግዲህ በእኔ ሚዛን፣ ለወለደች በግ አልቤንዳዞል፣ እርግዝናዋ ለማይታወቅ ቴትራሚዞል በተመዘነ ዶዝ፣ የቆዳ ተባይ አብሮ ካለባት ወይም አልቤንዳዞል መስራት ካቆመባችሁ አይቨርሜክቲን። ሶስቱንም በየወሩ እያፈራረቁ ለሁሉም መስጠት ግን አይደለም፣ ወደሱ እመጣለሁ።

የጉበት ትል ከእናት ወደ ልጅ በቀጥታ የሚሄድ አይደለም፣ ግን እናቲቱ ጉበቷ ከተበላ ወተት የላትም፣ እንገሯም የሳሳ ነው፣ ግልገሉ በሷ ጦስ ይሞታል። አልቤንዳዞል ያደገውን ብቻ ነው የሚነካው፣ ጉበት እየበሳ ያለውን ትንሹን አይደርስበትም፣ ትሪክላቤንዳዞል ግን በኪሎ 10 ሚሊግራም ተሰጥቶ ትንሹንም ትልቁንም ይገድላል፣ ክብ ትል ላይ ደግሞ አይሰራም። ረግረግና ምንጭ ዳር ለሚግጥ መንጋ ብር ካላችሁ እሱ ይመረጣል። ክሎሳንቴልም የጉበት ትልንና ሄሞንከስን አብሮ ይይዛል፣ ነገር ግን ዶዙ ሲያልፍ ዐይን ያጠፋል፣ ሚዛን ለሌለው ሰው አልመክረውም።

በጡት በኩል

ግልገሉ ገና 2 ሳምንቱ ነው፣ ሳር እንኳን አልነካም፣ ግን ተቅማጥ ይዞታል። ይሄ ሄሞንከስ ሊሆን አይችልም፣ ቀኑ አይደርስም። ከሚጠረጠሩት አንዱ ስትሮንጂሎይደስ የሚባለው በጣም ቀጭን ትል ነው፣ እጩ እናቲቱ ሥጋ ውስጥ ተቀምጦ ትወልድና ወተቷ ሲመጣ በጡት ወደ ግልገሉ ይወርዳል፣ በተጨማሪም እርጥብ ጉዝጓዝ ውስጥ ይራባና በቆዳ በስቶ ይገባል። ሥጋዋ ውስጥ የተቀመጠውን እጭ ተራ የትል ክኒን ጠርጎ ያወጣዋል ብላችሁ አትጠብቁ፣ እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከላይኛው የሚገለበጠው፣ የሚታከመው ግልገሉ ራሱ ነው። አይቨርሜክቲንም አልቤንዳዞልም ይሰራሉ። ልዩነቱ አለካኩ ላይ ነው፣ 5 ኪሎ ለሆነ ግልገል አይቨርሜክቲን 0.1 ሲሲ ብቻ ነው፣ በተለመደው ባለ 5 ወይም ባለ 10 ሲሲ ሲሪንጅ ይሄን መለካት አይቻልም፣ አንድ መስመር ቢያልፍ እጥፍ ነው፣ የግድ ባለ 1 ሲሲ ሲሪንጅ ያስፈልጋል። ለትናንሾቹ እኔ የምመርጠው የሚጠጣውን አልቤንዳዞል ነው፣ ባለ 2.5 ፐርሰንቱ በ1 ሲሲ 25 ሚሊግራም አለው፣ 5 ኪሎ ለሆነ ግልገል 1 ሲሲ ማለት ነው፣ 8 ኪሎ ከሆነ 1.6 ሲሲ። ጠርሙሱን በደንብ ነቅንቁት፣ መድሃኒቱ ከስር ይዘቅጣል፣ ካልነቀነቃችሁ የመጀመሪያዎቹ ግልገሎች ውሃ ጠጡ የመጨረሻዎቹ ሁሉን ወሰዱ ማለት ነው። ክኒን ፈጭቶ በውሃ በጥብጦ ማከፋፈልም ያው ነው፣ እኩል አይዳረስም።

ጉዝጓዙን ካላደረቃችሁት ግን መድሃኒቱ ብቻውን አይበቃም። አመድ ነስንሱ፣ ጋጣውን ጥረጉ፣ ድርቆሹን መሬት ላይ አትበትኑ።

ከስትሮንጂሎይደስ ጋር የሚመሳሰለውና ብዙ ሰው የሚያምታታው ኮክሲዲያ ነው። ከ3 እስከ 8 ሳምንት ያሉትን ነው የሚይዘው፣ ተቅማጡ አንዳንዴ ደም ይቀላቅላል፣ ግልገሉ ጅራቱን አንስቶ ያምጣል፣ የሚተላለፈውም በበጠጥ ነው፣ እናቲቱ ሳይታወቅባት በጥቂቱ ትጥላለች፣ ከዛ ግልገሎቹ በጠባብ ጋጣ ውስጥ ያራቡታል። ኮክሲዲያ ትል አይደለም፣ በዐይን የማይታይ ባለ አንድ ህዋስ ጥገኛ ነው፣ ከላይ ካነሳናቸው የትል መድሃኒቶች አንዱም አይነካውም፣ አልቤንዳዞል ሰጠሁት አልተሻለውም ከሚሉት ብዙዎቹ ግልገሎች እዚህ ውስጥ ናቸው። እዚህ ላይ ምርጫው በሰልፋ፣ በአምፕሮሊየምና በቶልትራዙሪል መሃል ነው። ሰልፋ በቀላሉ ይገኛል፣ ለተከታታይ ቀናት ይሰጣል፣ ግልገሉ ውሃ ካላገኘ ግን ኩላሊቱን ይጎዳል፣ ተቅማጥ ያደረቀውን ግልገል መጀመሪያ ውሃና ጨው በስኳር አጠጡት። አምፕሮሊየምን ዶሮ ያረባ ሁሉ ያውቀዋል፣ ለግልገልም ይሆናል፣ ለ5 ቀን ያህል ይሰጣል፣ ሲበዛና ሲረዝም ግን የቫይታሚን ቢ1 እጥረት ያመጣል፣ ግልገሉ አንገቱን ወደኋላ ቀልብሶ ይወድቃል። ቶልትራዙሪል በኪሎ 20 ሚሊግራም አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ከሶስቱ የተሻለው እሱ ነው፣ ግን ዋጋው ይወደዳል ደግሞ ተቅማጡ ሳይመጣ በፊት ሲሰጥ ነው ጥቅሙ በደንብ የሚታየው። ባለፈው ዓመት በዚሁ ጋጣ ውስጥ ግልገሎች ደም እያስቀመጣቸው ከሞቱባችሁ ዘንድሮ በ3ኛና በ4ኛ ሳምንታቸው ላይ እሱን ብትገዙ ብራችሁ አይባክንም፣ ካልሆነ ግን ሰልፋ ይበቃል።

በነገራችን ላይ በጠጥ ላይ ሩዝ የሚመስል ነጭ ቁርጥራጭ አይታችሁ የምትደነግጡ፣ እሱ ጥብጣብ ትል ነው፣ ለዐይን ያስፈራል እንጂ ከሄሞንከስ ጋር ሲነጻጸር ጉዳቱ ትንሽ ነው። አልቤንዳዞል በ7.5 ይጨርሰዋል።

በቆዳ በኩል

ቅማልና ሜሎፋገስ የሚባለው ክንፍ አልባ ዝንብ (መዥገር መስሎ ፀጉር ውስጥ የሚሄደው) ከእናት ወደ ግልገል የሚሄደው ተጠግተው ሲተኙ ነው፣ በተለይ ግልገሉ ሲጠባ ሆዷ ስር ገብቶ ይቀበለዋል። ቆዳ ፋብሪካዎች እከክ እያሉ ዋጋ የሚጥሉበት የቆዳ ነጠብጣብ ከነዚሁ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ጉዳዩ የግልገሉ እድገት ብቻ አይደለም።

አይቨርሜክቲን መርፌ ወይስ የዳይዚኖን እጥበት? መርፌው በደጋ ብርድ በግ ማራስን ያስቀራል፣ ደም የሚመጠውን ቅማል ይገድላል፣ የውስጥ ትሉንም አብሮ ይመታል። ግን ቆዳና ፀጉር የሚበላው ቦቪኮላ የሚባለው ቅማል ደም ስለማይጠጣ መርፌው ብዙም አይደርስበትም፣ ለሱ እጥበት ወይም ርጭት ነው። ዳይዚኖን ሁሉንም ይገድላል፣ ዋጋውም ለመንጋ ሲካፈል ይቀንሳል፣ ሆኖም መርዝ ነው፣ ጓንት ያስፈልጋል፣ ፀሐይ በወጣበት ቀን ረፋድ ላይ እንጂ ማታ አይታጠብም፣ ልትወልድ የደረሰችም አትታጠብም፣ ጡት የሚጠባ ግልገል ያላትም የታጠበው ጡቷ ከመድሃኒቱ እርጥበት እስኪደርቅ ግልገሉ ይለያል። የሜሎፋገስ ሙሽሬ (ወደ ዝንብነት ሳይለወጥ በፊት ሽፋን ውስጥ ያለው) ፀጉር ላይ ተጣብቆ 3 ሳምንት ገደማ ስለሚቆይና መድሃኒቱ ስለማይነካው ከ3 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ መድገም የግድ ነው፣ አንዴ አጥቦ መተው ያው እንዳልታጠበ ነው። ከሁሉም የሚሻለው ግን ከመውለዷ አንድ ሁለት ወር በፊት ፀጉሯን ሸልቶ ያኔ ማጠብ ነው፣ ግልገሉ ንጹህ እናት ላይ ይወለዳል።

በማህፀን በኩል

ይሄ አጭር ነው፣ ምክንያቱም መድሃኒት ብዙ የሚሰራበት አይደለም። ቶክሶፕላዝማ የሚባል በዐይን የማይታይ ጥገኛ ከድመት ኩስ ጋር በተቀላቀለ መኖ ወይም ውሃ ወደ እርጉዟ በግ ይገባና ወደ ፅንሱ ያልፋል፣ ታስወርዳለች ወይም የደረቀ ፅንስና ደካማ ግልገል አብረው ይወለዳሉ። ካስወረደች በኋላ እሷን ማከም ምንም አያመጣም፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዛ በኋላ መከላከያ ስለምታዳብር በሚቀጥለው ደህና ትወልዳለች፣ ስለዚህ ቶሎ ወደ ገበያ አትንዷት። ውጭ ሀገር ሁለት ነገር ይሰራሉ፣ እንደ ኒውዚላንድና ብሪታንያ ባሉ አገሮች ከማርገዟ በፊት የሚሰጥ ክትባት አለ፣ ሌላው ደግሞ በእርግዝናዋ ጊዜ መኖ ውስጥ ዲኮኩዊኔት ወይም ሞኔንሲን የሚባል መድሃኒት መቀላቀል ነው። ሞኔንሲንን ግን እኛ ጋ ማንም እንዳያስበው፣ ፈረስ፣ በቅሎና አህያ ከዛ መኖ ትንሽ ቢቀምሱ ይሞታሉ፣ ደጋ ላይ ደግሞ አህያ ከበግ ጋር ያልዋለበት ግቢ የት አለ። የኛ መከላከያ መኖውን ከድመት መክደን ነው። እርጉዝ ሴት የምታስወርድ በግ አታዋልድ፣ የእንግዴ ልጁንም አትንካ፣ በሽታው ሰው ፅንስ ላይም ያው ነው።

ለማን ልስጥ፣ ማንን ልተው

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መድሃኒቱን በመምረጥ ሳይሆን ለሁሉም በጎች በአንድ ቀን በመስጠት ነው። ሁሉንም ስታክሙ የሚተርፉት ትሎች መድሃኒቱን የቻሉት ብቻ ናቸው፣ ግጦሹን የሚሞሉትም የነሱ ልጆች ይሆናሉ። ይሄ የውጭ ወሬ አይደለም፣ በሀረማያ ዩኒቨርሲቲ የፍየል መንጋ ላይ ተሰርቶ 2006 እኤአ የታተመ ጥናት ሄሞንከስ አልቤንዳዞልንም፣ ቴትራሚዞልንም፣ አይቨርሜክቲንንም ተላምዶ አግኝቶታል። ሶስቱም! እንግዲህ ከዛ በኋላ ገበያ ላይ ምን ይገዛል? በአካባቢው ባሉ ገበሬዎች መንጋ ላይ ግን መድሃኒቶቹ ይሰሩ ነበር፣ እነሱ ደጋግመው ስለማይሰጡ። ስለዚህ ጠንካራና የወፈረች፣ አንድ ግልገል ብቻ ያላት እናት ብትቀር ችግር የለውም፣ እንደውም ትቅር። መንታ ያላትን፣ የከሳችውን፣ መጀመሪያዋ የሆነችውን አስቀድሙ።

ለመለየት ዐይን ነው የሚታየው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተሰራ ፋማቻ የሚባል ካርድ አለ፣ ከ1 እስከ 5 ቁጥር የተሰጠው የዐይን ቀለም ነው፣ 1 ደማቅ ቀይ፣ 5 ወረቀት የመሰለ ነጭ። ከጥላ አውጥታችሁ ቀን ብርሃን ላይ፣ በአውራ ጣት የላይኛውን ሽፋን ገፋ አድርጋችሁ የታችኛውን ወደ ታች ትስባላችሁ፣ ውስጡ ይታያል። 4 እና 5 ወዲያው ይታከማሉ፣ 3 ላይ ያለች የምታጠባ እናትና ግልገልም ይታከሙ። ካርዱን ባታገኙ እንኳን ከመንጋው በጣም ጤነኛ የሆነችውን ዐይን አይታችሁ ከሌሎቹ ጋር ማስተያየት ትችላላችሁ። የጉበት ትልም ዐይን ያነጣል፣ ስለዚህ ረግረግ ላይ ከዋሉ ሁለቱንም አስቡ።

መስራቱን ለማወቅ ደግሞ በሰጣችሁ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ከበፊቱና ከኋላው የተሰበሰበ በጠጥ ክሊኒክ ወስዳችሁ እንቁላል ማስቆጠር ነው፣ ቢያንስ 95 ፐርሰንት ካልቀነሰ መድሃኒቱ እናንተ ጋ አልሰራም፣ ወይ ተላምዷል ወይ ዶዙ አንሷል ወይ መድሃኒቱ ራሱ ደህና አይደለም። የመጨረሻውን አቃልላችሁ አትዩት፣ በገበያ ቀን ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ የሚሸጥ፣ ቀኑ የተፋቀ ክኒን ርካሽ ስለሆነ ብቻ አትግዙ።

ሚዛን ደግሞ ውድ አይደለም፣ ስጋና እህል የሚመዘንበት የሚንጠለጠል ሚዛን ካለ ግልገሉን በጆንያ አድርጋችሁ ጭንቅላቱ ብቻ እንዲወጣ ሰቅላችሁ ታነባላችሁ፣ 1 ደቂቃ አይፈጅም። እናቲቱን ደግሞ በአንድ አካባቢ ከሚመሳሰሉት ትልቋን መዝናችሁ ለነሱ በሷ ኪሎ መስጠት ይቻላል፣ ቴትራሚዞል ካልሆነ በቀር። ክኒኑን ምላስ መጨረሻ ላይ አድርጉት፣ ጭንቅላቷን በጣም ሽቅብ አትሳቡት፣ ፈሳሽ ከሆነ ደግሞ ወደ ሳንባዋ ይገባል። ከሰጣችሁ በኋላ የወለደችዋን በፋጉሎና በፉርሽካ ደግፏት፣ ፕሮቲን ያገኘች እናት የምትጥለው እንቁላል ይቀንሳል፣ ይሄ ተረት አይደለም በሙከራ የታየ ነው፣ አንዳንዴ ከሁለተኛው ዙር መድሃኒት ፋጉሎው ይበልጣል።

ለበዓል የምታቆዩት ካለ ደግሞ ቀን ቁጠሩ። አይቨርሜክቲን የተወጋ በግ እንደ መድሃኒቱ አይነት ብዙ ጊዜ 4 ሳምንትና ከዛ በላይ ሳይሞላው አይታረድም፣ አልቤንዳዞል ከዛ ያንሳል፣ ቁጥሩ እሽጉ ላይ አለ። ለፋሲካ የሚሸጡትን ከጾሙ መግቢያ በፊት ወይም ጾሙ እንደገባ አክሟቸው፣ ከዛ በኋላ የታመመ ካለ ለብቻ ጆሮው ላይ ምልክት አድርጉበትና ከሚሸጡት ለዩት።